«በሁለት ቀን ውስጥ ባሌ ሌላ ሰው ሆነብኝ»

ደብዳቤው

እትዬ እንደምን ሰነበቱ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ነው ያደግኩት፣ ባለቤቴ ደሞ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ከተጋባን 8 ወራችን ነው፣ እሱ 28 እኔ 25። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው፣ እኔ ነርስ ነኝ እዛው እሠራ ነበር፣ እሱ ለማስተርስ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ሁለታችንም ወደ ጀርመን መጣን። የገባነው መስከረም 22 ሐሙስ ማታ ነው። ገና ስንገባ እናቴ አንጥራ የሰጠችኝን ቂቤ ኤርፖርት ላይ አይገባም ብለው ወሰዱብኝ፣ ባሌን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብዬ አኮረፍኩ። በነጋታው ዓርብ በዓላቸው ነው ተባለ ሁሉም ዝግ። ቅዳሜ ድካሙ ነው መሰለኝ ተኝተን ዋልን፣ ስንነቃ መሽቷል፣ በቃ ነገ እንገዛለን ተባባልን። እሁድ ስንወጣ ከተማው ጭር ብሏል፣ የተከፈተ ሱቅ የለም፣ ቤት ያለው ድርቆሽና በርበሬ ብቻ ነው፣ ዘይት የለ ሽንኩርት የለ።

ቢያንስ ቡና ላፍላ ብዬ ስቆላ ጭሱ ኮርኒሱ ላይ ያለውን ነገር አስጮኸው፣ ጆሮ ይበሳል። ባሌ ደንግጦ ዘሎ ተነሳና «ልታስባርሪን ነው እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጮሆብኝ አያውቅም። እኔም ዝም አላልኩም፣ የቂቤውንም የእንቅልፉንም ሁሉንም አወጣሁት፣ ከታች የሚኖር ሰውዬ መጥቶ በሩን አንኳኳ፣ ምን እንዳለን እንኳን አልገባንም። ከዛ በኋላ እሱ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ግድግዳ ዞረ፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ስትደውል «አገሩ ደስ ይላል፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው» አልኳት። እትዬ፣ ኮምቦልቻ እያለን ተኳርፈን ያደርንበት ቀን የለም። በሁለት ቀን ውስጥ ባሌ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ተሳስቼ ይሆን የመጣሁት? ልመለስ ወይ?

መልሱ

ልጄ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ማታ አንብቤው ጠዋት ደግሜ አነበብኩት፣ ቡና ተፈልቶ ሰው እስኪሰበሰብ እንደገና አየሁት፣ ስለዚ ሦስቴ አንብቤሻለሁ ማለት ነው። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ፦ አትመለሺ። ቢያንስ በዚች ቅዳሜና እሁድ ምክንያት አትመለሺ። ባልሽም ሌላ ሰው አልሆነም፣ ምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ልቤን የያዘው «ኮምቦልቻ እያለን ተኳርፈን ያደርንበት ቀን የለም» ያልሽው ነው። አምንሻለሁ። ግን እስቲ ያን ግቢ መልሰሽ አስታውሺው። ጠዋት ተነጋግራችሁ ፊትሽ ጠቁሮ ባልዲ ይዘሽ ወደ ቧንቧው ስትወጪ የጎረቤትሽ ሴትዮ ገና ስታይሽ «ምነው ዛሬ?» ትልሻለች፣ አንቺ ምንም ትያለሽ፣ እሷ ግን ገብቷታል፣ ረፋዱ ላይ ልጇን ልካ ቡና ታስጠራሻለች፣ ቤቱ በሉባንጃ ታጥኗል ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ስለናንተ ጸብ አንድ ቃል ሳይነሳ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ አንዷ ልጅ ሰርግ እየተወራ አቦሉም ቶናውም በረካውም ይጠጣል፣ በረካው ላይ ትልቋ ሴትዮ ትመርቃለች፣ አሚን ብለሽ ስትወጪ ንዴትሽ ግማሹ እዛው ስኒው ጋ ቀርቷል። ባልሽም እንደዛው ነው፣ ኩርፍ ብሎ ይወጣና ከጓደኞቹ ጋ ማኪያቶ ይዞ ስለ አርሰናልና ማንቼ ሲጨቃጨቅ ያመሻል፣ በአንቺ የተናደደውን እዛ ጨርሶት ይመጣል። ማታ ስትገናኙ የሚያጣላ ነገር የለም። እናንተ ይሄን «ተኳርፈን አናድርም» ትሉታላችሁ፣ እውነትም ነው፣ ግን ያን ትዳር ከናንተ ጋር የሚሸከመው ግቢው ሁሉ ነበር። በኛ በወሎ ለትልቁ ጸብ አበጋር የሚባል አስታራቂ አለ፣ ለትንሹ ጸብ የቡና ጎረቤት ናት አበጋሯ፣ ማንም እንደዛ ብሎ ስም አይሰጣትም እንጂ።

አሁን እሁድን አስቢው። አንድ ክፍል፣ አልጋውም ምድጃውም እዛው፣ ሁለት ሰው፣ ሁለታችሁም እንቅልፍ የጎደላችሁ፣ ሁለታችሁም የራባችሁ፣ ቋንቋው የማይገባችሁ። አንቺ ከሱ የፈለግሽው ባል ብቻ እንዲሆንልሽ አይደለም፣ ሳታውቂው እናትሽንም ጎረቤትሽንም ጓደኛሽንም ከሱ ጠበቅሽ፣ እሱም ከአንቺ እንደዛው። ይሄን የሚችል ሰው የለም ልጄ። አንድ ምሰሶ ላይ ጣሪያውን ሁሉ ጭናችሁበት ጮኸ፣ ጮኸ ማለት ግን በሰበሰ ማለት አይደለም።

ይሄን የምልሽ ከራሴ ተነስቼ ነው። እኔና ባለቤቴ 9 ዓመት ጀርመን ኖረን ነው ወደ ደሴ የተመለስነው። የመጀመሪያዋን እሁዳችንን እስከዛሬ አልረሳኋትም። ቆሻሻ ልንጥል ሁለታችንም ወረድን፣ እኔ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ እሱ በካልሲ ማለት ይቻላል፣ ስንመለስ በሩ ተዘግቷል። የነሱ በር እንደኛ አይደለም፣ አይተሽው ይሆናል፣ ከውጪ የሚዞር እጀታ የለውም፣ ዝም ብሎ የሚጎተት እንቡጥ ነገር ነው ያለው፣ አንዴ ገጭ ካለ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ቁልፉ ውስጥ ነው። «ቁልፉን አልያዝሽም?» አለኝ። «አንተስ እጅ የለህም?» አልኩት። ከዛማ ምን ልበልሽ፣ ደረጃው ላይ ቆመን በሹክሹክታ ተጣላን፣ ሰው እንዳይሰማን ብለን በሹክሹክታ፣ የሰርጋችን ቀን እናቱ ያለችኝ ነገር ሳይቀር ተነሳ፣ ብርዱ ደሞ ከእግሬ ገብቶ ጉልበቴ ደርሷል። ምናልባት አንድ ሰዓት ሆነን ይሆናል ከላይ ፎቅ አንዲት አሮጊት ወረዱ። አዩን፣ የጫማዬን ነገር አዩ፣ በሩን አዩ፣ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ወጡ። እኛ ሊከሱን ነው ብለን ነበር። የመጡት ብርድ ልብስና ሁለት ኩባያ ሻይ ይዘው ነው። ቁልፍ የሚከፍት ሰው ደውለው ጠሩልን፣ እስኪመጣ ደረጃው ላይ በኔና በሱ መሀል ቁጭ ብለው በጀርመንኛ ያወሩናል፣ አንድም ቃል አይገባንም፣ ግን በቃ እንግዳ ፊት አይጣሉም አይደል፣ ዝም አልን፣ ሻዩን ጠጣን፣ ሰውየው መጥቶ ሲከፍት እኔና ባለቤቴ ታርቀን ነበር። ማን አስታረቀን ብትይኝ መልስ የለኝም፣ መሀላችን ሰው ተቀመጠ፣ ይኸው ነው። የእሁድ ከፋቹ ክፍያ ደሞ የወር አስቤዛችንን ነው የወሰደው፣ እሱን ሳልነግርሽ አላልፍም፣ ስለዚ ቁልፍ ሳትይዙ እግራችሁ ከደጃፍ አይውጣ።

ከዛ በኋላ ትርፍ ቁልፋችንን ለኚያ ሴትዮ ሰጠናቸው። ቁልፉ ሰበብ ሆነ እላለሁ፣ ቁልፍ የሰጠሽው ሰው ጋር ሰላም መባባል አይቀርም፣ ሰላም ካልሽው ሰው ጋር ቡና አይቀርም፣ እየቆዩ ፊቴን አይተው «ዛሬ ምነው?» የሚሉኝ ሰው ሆኑ፣ በጀርመንኛ ነዋ።

እናንተም መሀላችሁ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ካንቺ የምፈልገው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ከየት አመጣለሁ ትይኝ ይሆናል። መጥቶ ያንኳኳው ሰውዬ አለ አይደል? ከሱ ጀምሩ። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም አብራችሁ፣ አንቺ ብቻሽን ወይ እሱ ብቻውን ሳይሆን አብራችሁ፣ ዳቦም ሆነ ኩኪስ በሳህን አድርጋችሁ በሩን አንኳኩና «ኤንትሹልዲጉንግ» በሉት፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ሌላ ቃል ባይኖራችሁ ጣታችሁን ወደ ላይ ወደ ቤታችሁ ጠቁማችሁ ስማችሁን ንገሩት። እሁድ እረፍት መሆኑ እነሱ ጋር የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በህገ መንግስታቸው የተጠበቀ ነው፣ ሱቁ የተዘጋውም ለዛ ነው፣ እሁድ ግድግዳ መብሳት የለም፣ ባዶ ጠርሙስ ወስዶ የጠርሙስ መጣያ ውስጥ መወርወር እንኳን የለም፣ ማታም ከአራት ሰዓት እስከ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ድምፅ አይፈልጉም፣ በኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው የምልሽ። ስለዚ ሰውዬው ጠልቷችሁ አይደለም የመጣው፣ ምናልባትም እሳት ተነስቶ ይሆናል ብሎ ነው።

ኮርኒሱ ላይ ያለው ነገር የጭስ ማስጠንቀቂያ ነው። እዛ አገር መኝታ ክፍልና ኮሪደር ላይ እንዲኖር ህጉ ያስገድዳል፣ የናንተ ደሞ መኝታውም ማብሰያውም አንድ ክፍል ስለሆነ ነው እንደዛ የጮኸው። ተራ መኖሪያ ቤት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ቤት ውስጥ ጮሆ ነው የሚያበቃው፣ የተማሪዎች ማደሪያ ህንፃ ከሆነ ግን ከእሳት አደጋ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። አደራ በላስቲክ አትሸፍኑት፣ ባትሪውንም አታውልቁ፣ እንዲህ የሚያደርጉ አውቃለሁ፣ በክረምት ሌሊት ሰው በተኛበት እሳት ቢነሳ ሌላ የሚቀሰቅስ የለም። ቡናውን ተቆልቶ የታሸገውን ግዢ፣ የሲዳማ የይርጋጨፌ እየተባለ ተፅፎበት በየሱቁ አለ፣ መቁላቱን ተይውና ማፍላቱን ያዢ። ጀበናሽን ከያዝሽ በትንሿ ምድጃ ላይ ቀስ ብሎ ይፈላል፣ እኔ 9 ዓመት ያፈላሁት በሷ ነው። ዕጣኑን ትንሽ ብቻ፣ መስኮት ከፍተሽ።

ግን ሦስቱንም ጠጡ። ይሄን ችላ እንዳትይብኝ። እዛ አገር ሰው ቡናውን እየሮጠ ነው የሚጠጣው፣ እናንተም ነገ ከነገ ወዲያ እንደዛ ትሆናላችሁ። አቦል ላይ ሰው ስለ ቤቱ ጣጣ ነው የሚያወራው፣ ቶና ላይ ትንሽ ይለሰልሳል፣ በረካ ላይ ነው «እኔ እኮ የፈራሁት...» የሚለው ነገር የሚወጣው። እሁድ እሁድ ከሰዓት ስልክ ተዘግቶ ላፕቶፕ ተከድኖ ሦስት ስኒ፣ ሌላ ምንም ትእዛዝ የለኝም።

የቂቤው ነገር እኔንም አንጀቴን በላኝ። የናትሽ እጅ ነው እኮ የተወሰደብሽ፣ ኮሰረቱን ለቅማ ኮረሪማውን ፈልፍላ ያነጠረችው፣ ያለቀስሽበት ለቂቤው ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ባልሽ ላይ አትያዢበት፣ ከአውሮፓ ህብረት ውጪ የሚመጣ ሰው የሥጋና የወተት ተዋፅኦ ይዞ እንዳይገባ የተከለከለ ነው፣ እሱም አላወቀ፣ አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም ያኔ ቋንጣ ተወስዶብኝ ነው ያወቅኩት። ለናትሽ ንገሪያት፣ ቂቤና ቋንጣ ቀርቶ ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ እርዱን ደረቁን በሰው ትላክልሽ፣ እዛ ጨው የሌለው ቂቤ በርካሽ ትገዢና ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ በቀስታ እሳት ታነጥሪዋለሽ። የመጀመሪያ ቀን ያነጠርሽ ለት ቤቱ በሙሉ እናትሽ ቤት ይሸታል፣ ባልሽ ከትምህርት ቤት ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ሲያሸት ታይዋለሽ።

አሁን ለሱ ልፃፍ፣ አጠገቧ ቁጭ ብለህ እንደምታነበው ተስፋ አደርጋለሁ። ልጄ፣ «ልታስባርሪን ነው እንዴ» ስትል ምን ያህል እንደፈራህ ከዛች ቃል ይሰማኛል። ስኮላርሺፑ ያንተ ነው፣ ሚስትህን ከሥራዋና ከናቷ ነጥለህ ያመጣሃት አንተ ነህ፣ አንድ ነገር ከተበላሸ ጥፋቱ ያንተ ይመስልሃል፣ ስለዚ አንዲት ማንቂያ ስትጮህ ቪዛውም ትምህርቱም ቤቱም የፈረሰ መሰለህ። ለሷ ግን እንደዛ አልተሰማትም፣ ከ8 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮህክባት እናቷ በሌለችበት አገር ነው። ይቅርታ ጠይቃት፣ «ደክሞኝ ነው» ብለህ ሳይሆን «ፈርቼ ነው» ብለህ። ስትናደድ ወደ ግድግዳ አትዙር፣ ኮምቦልቻ ብትሆን ወጥተህ ትመለስ ነበር፣ እዛም ውጣ፣ «ግማሽ ሰዓት ዞሬ እመጣለሁ» ብለህ ነግረሃት ውጣና በግማሽ ሰዓት ተመለስ፣ ካላልካት የት እንደሄድክ አታውቅም፣ አገሩን አታውቅም፣ መስኮት ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅህ። ደሞ አንተ የኮምቦልቻ ልጅ ነህ፣ ሐረጎን ሽቅብ ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ እንኳን ጃኬት የምትፈልጉ ናችሁ፣ ታህሳስ ላይ እዛ ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ሆኖ አስር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ጨለማው ሰውን ያለ ምክንያት ያስከፋል፣ ያኔ እርስ በርስ ተጠላላን እንዳትሉ፣ ቀትር ላይ ሁለታችሁም ወጣ በሉ፣ ብርሃን እያለ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ለናትሽ «ሰላም ነው» ማለትሽን አልነቅፍም፣ ሆጤ ቁጭ ብላ ምንም ልታደርግልሽ አትችልም፣ ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው የምታድረው። ግን ለማንም ሳትናገሪ ከቀረሽ ታምሚያለሽ። አንድ ሰው ምረጪ፣ አንድ ብቻ፣ አክስትም ትሁን ጓደኛ፣ የሰማችውን ሸዋ በር የማታደርስ። ባልሽም የሱን አንድ ሰው ይምረጥ። ማን እንደሆኑ ተነጋገሩ፣ «ለሷ እነግራታለሁ፣ ከሷ አያልፍም» በይው፣ ተደብቀሽ ስትነግሪ ነው ክህደት የሚመስለው። የቀረውን ስልክ ሰዓት አብጁለት። ጥሪው ቀኑን ሙሉ ከመጣ እሁዳችሁ ያልቃል፣ ደሴና እዛ አሁን የአንድ ሰዓት ልዩነት ነው ያላችሁ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻዋ እሁድ፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ማለት ነው፣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሚመልሱት ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ቤተሰብ ቀድሞ ይወቀው፣ አለዚያ «ስልክ አታነሳም» ተብሎ ሌላ ወሬ ይወጣል። ስለ ሰዓት ካነሳሁ፣ ቀጠሮ ላይ እንዳትሳሳቱ፣ ወረቀቱ ላይ 9 ሰዓት ካለ በኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ እኔ የማውቀው ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ከሰዓት ሄዶ ቀጠሮው አምልጦት ሌላ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ጠብቋል።

የገንዘብ ነገር፣ ባጭሩ። ውጪ ወጡ ከተባለ ወር ሳይሞላ ላኩ ይመጣል፣ ጥያቄው በክፋት አይደለም፣ እዚህ ያለው ኑሮ ከባድ ነው። ግን ስኮላርሺፕ ደሞዝ አይደለም። በወር ይሄን ያህል ለሁለቱም ቤተሰብ፣ እኩል፣ ወይ ደሞ እስከዚህ ወር ድረስ ምንም፣ ብላችሁ አሁን ሳትጣሉ ቁጥሩን ወስኑ፣ የሱን ቤተሰብ እሱ ያስረዳ የአንቺን አንቺ አስረጂ።

ካነሳሽው ይልቅ ያላነሳሽው ነገር ያሳስበኛል፣ ሥራሽ። ነርስ ነሽ። በሰው ልብ ላይ ጆሮሽን ስታሳርፊ የኖርሽ ሰው ድንገት ባሏ ክላስ እስኪመጣ የምትጠብቅ ሆነሽ ቀረሽ፣ ሰው ስሙን ሲያጣ ይናደዳል። ጀርመን ነርስ በጣም ትፈልጋለች፣ የዲፕሎማሽ እውቅና ግን ሂደት አለው፣ ቋንቋውም ለነርስ አብዛኛውን ጊዜ ቢ 2 የሚባለው ደረጃ ይጠየቃል፣ አጭር መንገድ አይደለም። ስለዚ ነገ ዛሬ ሳትይ ፎልክስሆክሹለ የሚባል የከተማው የጎልማሶች ትምህርት ቤት አለ፣ በየከተማው አለ፣ ቋንቋ በቅናሽ ያስተምራል፣ ሄደሽ ተመዝገቢ። በባልሽ ምክንያት የተሰጠሽ የመኖሪያ ፈቃድ ሥራ መሥራት ይፈቅድልሻል፣ ወረቀቱን አውጥተሽ አንብቢው፣ አይቻልም የሚልሽ ሰው ካለ ወረቀቱን አሳዪው። ክላሱ ውስጥ ከሶርያም ከዩክሬንም ከየትም የመጡ አንቺን የሚመስሉ ሴቶች ታገኛለሽ፣ ፊትሽን አይታ «ምን ሆነሻል?» የምትልሽ የመጀመሪያዋ ሰው ከዛ ትመጣለች ብዬ ነው የማስበው። ደሞ ቤተክርስቲያንም መስጊድም አለ፣ የኛ ሰው ያለበትን ፈልጉ፣ ትላልቆቹ ከተሞች ፍራንክፈርት፣ ኮሎኝ፣ ሙኒክ የሐበሻ ማህበር አለ፣ ራቅ ቢልም በወር አንዴ ሂዱ፣ በዛች ቀን ሽሮውን ሰው ሠርቶ ያብላሽ።

በጣም ክፉ ነገር አስቤ ሳይሆን ለማንኛዋም ልጅ እንደምለው ላንቺም ልበልሽ፣ ፓስፖርትሽ በራስሽ ቦርሳ ይሁን። አንድ ጩኸት ይቅር ይባላል፣ እጅ ከተነሳ ወይም ማስፈራራት ከመጣ ግን ምክሬ ሌላ ነው፣ ፖሊስ 110 ነው፣ አምቡላንስና እሳት አደጋ 112 ነው፣ ለሴቶች ደሞ 116 016 የሚባል ነፃ ስልክ አለ፣ ሌሊትም ይሠራል፣ ከጀርመንኛ ውጪ በሌሎች ቋንቋዎችም ያናግራል። ከደብዳቤሽ እንደዛ አይነት ነገር አልሸተተኝም፣ ያዢው ብቻ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ ይሁን። ዓርብ ማታ ዝርዝር ፃፉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነስታችሁ ሁለታችሁም ግዙ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ለሁለት ቀን የሚሆን። ሱቁ ማታ ድረስ ክፍት ነው ብላችሁ አትተኙ። የላስቲክ ጠርሙስ እንዳትጥሉ፣ አብዛኛው 25 ሳንቲም ያስመልሳል፣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ያለው ማሽን ይቀበላል፣ ደረሰኙን ካሸር ላይ ታሳያላችሁ። ድንገት እሁድ አንድ ነገር ካለቀ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያሉት ሱቆችና ነዳጅ ማደያው ክፍት ናቸው፣ ዳቦ ቤቶችም ጠዋት ለተወሰነ ሰዓት ይከፍታሉ፣ ያቺን እሁድ ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር ኖሮ አትጣሉም ነበር፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ከምሳ በኋላ ተራመዱ፣ ዝም ብላችሁ፣ እዛ እሁድ አገሩ ሁሉ ነው የሚራመደው፣ ደሴ ላይ ወደ ጦሳ ወጣ ብላችሁ ከተማውን ቁልቁል ስታዩ እንደነበረው ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉና ያላችሁበትን ከተማ ቁልቁል እዩት፣ ሰው የሚኖርበትን ቦታ ከላይ ካየው ትንሽ ይለምደዋል።

አንድ የቀረ ነገር። የከተማው ፅህፈት ቤት የመኖሪያ ምዝገባ በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት፣ የአከራያችሁን ማረጋገጫ ወረቀት ይዛችሁ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ፣ ካልሄዳችሁ ዛሬውኑ ቀጠሮ ያዙ። ከዛ በኋላ ደብዳቤ መምጣት ይጀምራል፣ የኢንሹራንስ፣ የባንክ፣ የሬድዮና ቴሌቪዥን ክፍያ የሚባልም ይመጣል፣ በቤት በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ነው፣ ማጭበርበር መስሏችሁ እንዳትጥሉት። አገሩ በደብዳቤ ነው የሚተዳደረው፣ ፖስታ ሳጥኑ ላይ ስም ከሌለ ግን ፖስተኛው ይዞት ይመለሳል። እኛ ስንሄድ የባለቤቴን ስም ብቻ ነበር የለጠፍነው፣ ወረቀቱ ትንሽ ነው አይበቃም ተባብለን፣ የኔ የቋንቋ ክላስ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። እናንተ ንፁህ ወረቀት ፈልጉና በትልቁ የሁለታችሁንም ስም ፃፉበት፣ የአንቺን ከላይ ይሁን የሱን እናንተ ተስማሙ፣ ከታች ሳጥኑ ላይም ከላይ ደወሉ ላይም ለጥፉት፣ ከዛ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እጠብቃለሁ።